አሥራ ስምንት ሰው የጠየቀው ስም

ስለ እትዬ ዘርፈሽዋል በመጻፌ የሚከፋው ሰው ይኖራል፤ ይክፋው። የምጽፈው ደግ ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለተናደድኩ ነው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷ ራሴ ነኝ፤ ወደ እሷም ኋላ ላይ እመጣለሁ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሮም የገቡት በሠላሳ ዓመታቸው ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ ባዳንቴነት። የሰው አሮጊት ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስተኛት። ሦስት ሲኞራዎች በእጃቸው ላይ አርፈዋል። አራተኛዋ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ «አንቺን ሳልቀብር አልሞትም» እያለች ታስፈራራቸዋለች።

እንደ ሁላችንም ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሌላው ባዳንቴ ሐሙስ ከሰዓት ጫማውን አውልቆ ይተኛል። እሳቸው ሜትሮ ይዘው አናኒና ይወርዱና ስደተኞች ተጠጋግተው ወደሚኖሩበት ሕንፃ፣ ወደ ሰላም ፓላስ ይሄዳሉ። የማን ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ እንዳለቀ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከክፍሉ ሳይወጣ እንደሰነበተ በር እያንኳኩ ይጠይቃሉ። የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው። ነበሩ ልበል።

ዕድራችን «ወገን ደራሽ» ይባላል፤ ሠላሳ አንድ አባላት አሉት። ሥራው ከመካከላችን የሞተውን በዚንኮ በተለበጠ ሣጥን አሽጎ ወደ አገሩ መላክ፣ ካልሆነም እዚሁ በወጉ መቅበር ነው። ለዚህ ሲባል እትዬ ዘርፈሽዋል አንድ ጥቁር ደብተር ነበራቸው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጠል። ከላይ ስም፣ ቀጥሎ የአገር ቤት ስልክ፣ ቀጥሎ የት መቀበር እንደምንፈልግ፣ ከታች ደግሞ የክርስትና ስማችን።

የክርስትና ስም እንደ ዘበት የሚነገር ነገር አይደለም። እናቴ የእኔን ስትነግረኝ በር ዘግታ ነው። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚደረግበት ሁላችንም እየሰማን አድገናል፤ የሚያምንም የማያምንም እኩል ይደብቀዋል። ሲሞቱ ግን ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱት በዚያ ስም ነው። እናት እዚህ የለችም፣ ክርስትና እናትም የለችም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው መንገር ግድ ነው። ሁላችንም ለእትዬ ዘርፈሽዋል ነገርን። የፈታሁት ባሌ የክርስትና ስሜን አያውቅም። እሳቸው ያውቁታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚያ ደብተር አንዲት ስም ወጣች ሲባል አልሰማሁም።

አምና ባህታ የሚባል ልጅ ሮማኒና ሰፈር ውስጥ ታሞ ሞተ። አባላችን አልነበረም። ቤተሰቦቹ ከአገር ቤት ሆነው ያልደወሉበት ቦታ የለም፤ «ሮም ውስጥ ሬሳ የሚያነሳ የአበሻ ማኅበር አለ ወይ?» እያሉ። አስከሬኑ አሥራ አንድ ቀን ያለ ጠያቂ ተኛ። እኛ ከመኖሪያው በእግር ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እየተሰበሰብን ስለ አዳራሹ ወንበር እንጨቃጨቅ ነበር። እትዬ ዘርፈሽዋል ይህን ሲሰሙ ምግብ አልበላ አላቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው «ሰው ሲፈልገን የሚያገኘን ኢንተርኔት ላይ ቤት ያስፈልገናል» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባ ወጪ የለውም።

ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዶሚኒዮ የሚሉት ነው፤ ሰው ጽፎ የሚያገኝህ አድራሻ። አንድ ስም በአንድ ሰው ከተያዘ ለሌላው አይሰጥም። እትዬ ዘርፈሽዋል ሐሙስ ዕለት በስልካቸው «ወገን ደራሽ»ን በላቲን ፊደል ጽፈው ፈለጉ። ነፃ ነበር። ያኔውኑ ማስመዝገብ ይችሉ ነበር። ግን የዛሬ አሥር ዓመት ለዕድሩ ቲምብሮ ሳያስፈቅዱ አስቀርጸው ለዚያች ለአንዲት ማኅተም ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተወግዘዋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ጉባኤ ፈቃድ እስክሪብቶ አይገዙም። ስለዚህ በዋትሳፕ ቡድናችን ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ስሙ ነፃ ነው። እሑድ ከፈቀዳችሁ እናስመዘግበዋለን።» የአውራ ጣትና የጸሎት እጅ ሥዕል እንደ ዝናብ ዘነበ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ለማንኛውም ብለው ደግመው ቢያዩ ስሙ ተይዟል። ሲከፈት የቁማር ማስታወቂያ ይመጣል፤ ከሥሩ «ይህ ስም ይሸጣል፣ ዋጋ ይጠይቁ» የሚል አለ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታይም። እሳቸው ይህን መደበቅ ይችሉ ነበር፤ እሑድ ከእኛ ጋር እኩል ደንግጠው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ዘርፈሽዋል ናቸውና በዚያው ደቂቃ ጻፉልን።

የዚያን ቀን የቡድናችንን ድምፅ መልእክቶች ያልሰማ ሰው ታድሏል። ሊቀመንበራችን አቶ ሞላልኝ፣ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ሣጥን ሲቆጥሩ የኖሩና ሰውንም እንደ ሣጥን የሚቆጥሩ፣ ቀደሙ። «ሐሙስ ነፃ፣ ቅዳሜ የተያዘ። በመካከሉ ያየችው አንድ ሰው ብቻ ናት» አሉ። ሮማነወርቅ ቀጠለች፤ ይህች ሴት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ስትገባ እትዬ ዘርፈሽዋል ናቸው ፒጃማዋን ያጠቡላት። «የሲኞራቸው የልጅ ልጅ ሥራው ኮምፒውተር ነው አሉ። እኔ ምንም አላልኩም፣ እንዲያው ነው» አለች። እንዲያው! ሰውን ገድለው «እንዲያው ነው» የሚሉት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

እሑድ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ለቅሶ ሲሆን አሥራ አምስት አይሞላም። የምንሰበሰበው አንድ ቄስ በሚያውሱን የደብር አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ነው የምንቀመጠው። እኔ ከእትዬ ዘርፈሽዋል ጎን ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዞ ነበር።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣» አሉ አቶ ሞላልኝ፣ «ስሙን ለማን ነው የነገሩት?»

«ለእናንተ።»

«ከእኛ ሌላ።»

«ከእናንተ ሌላ ለማንም።»

«ታዲያ ሌባው በሕልሙ አየው? ይኸን ሁሉ ስም ትቶ የእኛን የድሆቹን መረጠ? በቴሌቪዥን አላስነገርነው!» ከዚያ ድምፃቸው ከፍ፣ ንግግራቸው ዝቅ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ተሰጥቶሽ ነው?»

አንቺ! ለሠላሳ አራት ዓመት ስደት፣ ለዚያ ሁሉ ሬሳ፣ አንቺ። እትዬ ዘርፈሽዋል እጄን ጨበጥ አደረጉ።

ያኔ ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሶሊ ተናገረች። የአቶ ሞላልኝ ልጅ ናት፤ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ድረ ገጽ በሚሠራ ቢሮ ተቀጥራለች፤ የመጣችው ስሙ ከተገኘ ሥራውን ልታግዘን ነበር።

«ፓፓ፣ አሎራ፣ አንድ ነገር ልበል» አለች። «ሐሙስ ራት ላይ ‹እውነቷን እንደሆነ እስኪ እይልኝ› አላልከኝም? አላይም ስልህ በራስህ ስልክ ፈለግከው።»

«እና? ማረጋገጥ ነው!»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ። ሌላስ ማን አረጋገጠ?» ወደ እኛ ዞረች። «ስልካችሁ የፈለጋችሁትን ሁሉ መዝግቧል፣ ክሮኖሎጂያውን ክፈቱት። ሐሙስና ዓርብ ይህን ስም ነፃ ነው ወይ ብሎ የፈለገ እጁን ያውጣ።»

መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ሶሊ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው፤ እያጉረመረሙ አወጡ። ቀጥሎ ሮማነወርቅ። ቀጥሎ አቶ ኃይለ። አንዱ ሁለት ጊዜ ፈልጓል፤ አንዷ ገጹ «በስሙ ላይ ለውጥ ሲኖር እናሳውቅሽ» ሲላት ኢሜይሏን ሳይቀር ትታለች። ሶሊ ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት።

«ሰው የሚፈልገውን ስም እየሰበሰቡ፣ ቀድመው ይዘው መልሰው የሚሸጡ አሉ ይባላል» አለች። «ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማስረጃም የለኝም። ግን ማንም የማያውቀው ስም ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሰው ጠየቀው። እሳቸው አንዴ ነው የጠየቁት። እናንተ ‹ነፃ ነው› ሲሏችሁ አላመናችኋቸውም።»

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በቀኝ እጄ የእትዬ ዘርፈሽዋልን እጅ ይዤ ነበር። ግራ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ላይ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ያንን ስም እኔም ጽፌዋለሁ። ነፃ ነው ብሎኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። የክርስትና ስሜን ያመንኳቸው ሴት «ነፃ ነው» ሲሉኝ ግን አላመንኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄን አላወጣሁም። አሥራ ስምንተኛዋ እኔ ነኝ።

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አታውቁንም። አቶ ሞላልኝ «ማየት ሌላ፣ መስረቅ ሌላ» አሉ። ሮማነወርቅ ደግሞ፣ ያቺ ለማኅተሙ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ሮማነወርቅ፣ «ለነገሩ ሐሙስ ነፃ መሆኑን ሲያዩ ዝም ብለው ማስመዝገብ ነበረባቸው» አለች። በርካታ ራስ ተነቀነቀ። ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ ያው እሳቸው ላይ አረፈ።

እትዬ ዘርፈሽዋል እጃቸውን ከእጄ አወጡና ተነሡ። ጥቁሩን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጸሐፊነቱን አስረክቤያለሁ» አሉ። «ይህን ለማን ልስጥ?»

አቶ ሞላልኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእሳቸው? በፍጹም!» አለች ሮማነወርቅ።

«ለአንቺ ይሰጥና ነገ ገበያ ይዋል?» አሉ እሳቸው።

አቶ ኃይለ ተጠሩ፤ ሲጠጡ ይለፈልፋሉ ተባለ። ተስፋልደት ተጠራ፤ ሚስቱ ትነግዳለች፣ አፏ ወንፊት ነው ተባለ። አንዱ ሲጠራ ሌላው እየተነሣ ጣለው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም። ሃያ ሦስት ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም ያንን ደብተር እያየ፣ አንዱ ለአንዱ አሳልፎ የሚሰጠው አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ሰው «ለቅድሳን ይሰጥ» አለ። ቅድሳን እኔ ነኝ። የተቃወመ የለም። እትዬ ዘርፈሽዋል ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። አይሆንም።

ከዚያ ደብተሩን ከፈቱና ቅጠሉን አንድ በአንድ ይቀድዱ ጀመር። እየቀደዱ፣ አራት እያጠፉ፣ ለየባለቤቱ ሰጡ። የቀሩትን ስምንቱን ሐሙስ በየቤታቸው አደርሳለሁ አሉ። ሰዉ ወረቀቱን በሁለት እጁ እየተቀበለ ወዲያው ይደብቃል፤ ቀና ብሎ ያያቸው የለም። የእኔን ሲያቀብሉኝ ቀስ ብዬ «ለምን እኔን አይሆንም አሉ?» አልኳቸው።

«ዓርብ አልደወልሽልኝም» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስናገር ‹እውነት እትዬ? እርግጠኛ ነዎት?› ብለሽ ትደውያለሽ። ዓርብ ዝም አልሽ። አይተሽዋላ።»

የመጨረሻውን ቅጠል ቀደዱ፤ የራሳቸው ነበር። አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ የደብተሩን ባዶ ሽፋን ለአቶ ሞላልኝ ትተው ወጡ።

ዕድሩ አልፈረሰም፤ ከመፍረስ የባሰ ሆነ። አቶ ሞላልኝ ሌላ ስም ለማንም ሳይናገሩ አስመዝግበዋል፣ ያውም በገዛ ስማቸው። ሲከፈት ፎቶግራፋቸው ይታያል። አዲስ ደብተር ተገዝቷል፤ የክርስትና ስሙን ያስጻፈ ግን አንድም ሰው የለም።

በሁለተኛው ወር አቶ ሳህለ ሞቱ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ቅጠላቸውን የት እንዳደረጉት የሚያውቅ የለም። ልብሳቸውን ሁሉ ፈተሽን። ቄሱ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» አሉ። ተያየን።

ከኋላ በኩል ሰው ተላወሰ። እትዬ ዘርፈሽዋል ነበሩ፤ ሲገቡ ያያቸው የለም። ወደ ፊት ሄደው ቄሱ ጆሮ ላይ አንድ ቃል ተናገሩ። ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ። እሳቸው ሣጥኑን ተሳልመው ማንንም ሳያዩ ወጡ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ደብተሩ ለይምሰል ነበር። ሠላሳ አንዳችንንም በቃላቸው ይዘውናል።

ቅጠሌ ቦርሳዬ ውስጥ ከፔርሜሶዬ ጋር አለ። ብሞት ማንም ባያገኘው እትዬ ዘርፈሽዋል መጥተው እንደሚናገሩልኝ አውቃለሁ፤ ተቀይመውኝም ይመጣሉ። ግን እሳቸው ስልሳ አራት ናቸው፣ እኔ አርባ አምስት። ያ ቀን ሲመጣ ሣጥኑ ፊት የምንቆመው እኛው ነን። ቄሱ ይጠይቁናል። የእትዬ ዘርፈሽዋልን የክርስትና ስም ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቃቸውም።