የጉልበቴ ሎሚ እና «የአመለካከት ችግር»

ለዚህ ጽሑፍ ሦስት ምንጮች አሉኝ። አንደኛው ጥጉ የተጠቀለለ የራጅ ፊልም፣ ሁለተኛው የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ፣ ሦስተኛው ራሱ ግራ ጉልበቴ ነው። በክረምት የማጋነን ልማድ ቢኖረውም ከሦስቱ ታማኙ ጉልበቴ ይመስለኛል። ትዝታዬን ከምንጭ አልቆጥረውም። ባለቤቴ ከብስክሌት የወደቅሁት መናኸሪያ አጠገብ ነው ትላለች፤ እኔ ሐይቅ ዳር ነው እላለሁ። ሁለታችንም በቦታው እንደነበረ ሰው እንከራከራለን፤ የነበርኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ዘመኑ የፓርቲዎች ግንባር አገር የሚመራበት፣ መሥሪያ ቤቶችም በ«ሥራ ሂደት ለውጥ» የሚታመሱበት ነበር። እኔ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ነበርኩ። የጉልበቴ ሎሚ ለሁለት ተሰንጥቆ ሐኪሙ በሽቦ አሰረው፤ ከዚያም በጀሶ ሸፈነው። ጀሶው ሲወልቅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ቀስ እያሉ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ይደርቃል» አለኝ። ምክሩ ግልጽ ነበር። እንዳልፈጽመው ያደረገኝ የጠያቂ ብዛት ነው።

ሙዝና ብርቱካን ይዘው የሚመጡ ጎረቤቶች ቤቱን ከጠዋት እስከ ማታ ይሞሉታል። እግሬን ለማጠፍ ስሰናዳ አንዷ ትጮኻለች።

«ኧረ በስማም! ሊያጥፈው ነው! ያዙት እንጂ!»

«ሐኪሙ እኮ እጠፈው ብሎኛል።»

«ሐኪሙ ምን ቸገረው፤ እግሩ የእሱ አይደል!»

ወዲያው ትራስ ይመጣል። ባለ ሱቁ ሙስሊም ጎረቤቴ እግሬ እንዳይንጠለጠል በርጩማ አመጣልኝ፤ ጴንጤ ጎረቤቴ ደግሞ እግሬ ቀጥ እንዲል ረጅም ጸሎት አደረሰልኝ። ጸሎቱ ከተለመነው በላይ ተሰማ። ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቴ ከግማሽ በላይ አልታጠፍ አለ፤ ጭኔም ቀጠነ። ይህን ሁሉ ያደረገው ፍቅር ነው፤ ፍቅርን መክሰስ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ መሆኗ ጠቀመኝ። በሜዳ ስሄድ ጉዳቴን ማንም አያውቅም። የሚያጋልጠኝ ደረጃ ነው፤ እሱም ስወጣ ሳይሆን ስወርድ። ሲወርዱ የሰውነት ክብደት ሁሉ በዚያች ትንሽ አጥንት ላይ ያርፋል። ስለዚህ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ዞሬ፣ የታመመውን እግር አስቀድሜ፣ አንድ አንድ ደረጃ እወርድ ነበር። ሐኪሙ ዳግም ብወድቅ አጥንቱ ሁለተኛ ለመታሰር እንደማይመች፣ ቀሪ ዘመኔንም በክራንች ልሄድ እንደምችል አስጠንቅቆኛል።

ለውጡ ይህን የሰማ ይመስል ቡድኔን ለተገልጋይ እንዲቀርብ በሚል ወደ አራተኛ ፎቅ አወጣው። ወደ ምድር ቤት እንድዛወር አራት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ለአራቱም «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃው መደገፊያ ተነቅሎ ነበር። እዚያ ስደርስ የቡድናችን ጸሐፊ ወረቀት የምታገላብጥ መስላ ሁልጊዜ ከፊቴ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ትወርዳለች። ብወድቅ በእሷ ላይ ነበር የምወድቀው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ ግምገማ መጣ። ሰብሳቢው በእድሜ ልጄ የሚሆን ትጉህ ሰው ነበር።

«ከመውጫ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ» አለኝ።

«ደረጃው ሰው ሳይበዛበት ለመውረድ ነው። ጉልበቴ…»

«ጉልበት ሁላችንም አለን። ይህ የአመለካከት ችግር ነው። ግለ ሂስ ያድርጉ።»

ተነሣሁ። «ጉልበቴ ለለውጡ ያለው ቁርጠኝነት አነስተኛ መሆኑን እቀበላለሁ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡም አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈው።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ፦ «እንዲህ ያለ ሰው መዝገብ ቤት ይውረድ!» መዝገብ ቤት የሚገኘው ምድር ቤት ነው። ቤቱ አጨበጨበ። አራት ማመልከቻ ያላስገኘልኝን ነገር ቅጣት በሩብ ሰዓት አስገኘልኝ፤ ከቡድን መሪነቴ ተነሥቼ ወረድኩ። ፊቴ ላይ ተገቢውን ሐዘን ለማሳየት የተቻለኝን አድርጌአለሁ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያን ደረጃ አልረገጥኩም፤ ዳግምም አልወደቅሁም። ዛሬም መንበርከክ አልችልም፤ በሜዳ ግን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ።

ቃለ ጉባኤው ሐሳቡ «ከቤቱ ቀረበ» ብሎ ያልፋል። ጆሮዬ ግን ድምፁ የጸሐፊዋ ነበር ይለኛል። ከዓመታት በኋላ ገበያ ውስጥ አግኝቻት ጠየቅኋት።

«ጋሼ ደግሞ! እኔ እኮ ያን ቀን ቱላ ድረስ ለቅሶ ሄጄ ነበር» ብላ ሳቀች።

ከሳቋ ምንም መደምደም አልቻልኩም። የተሰብሳቢዎች ስም የሰፈረበት የመጀመሪያው ገጽም ከእኔ ግልባጭ ላይ የለም፤ ስለዚህ ያን ቀን በስብሰባው ላይ መኖሯን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።