እንግሊዙን ያራቆተው መካኒክ

ገዳሪፍ ላይ ሾፌር ከሾፌር ሲገናኝ የሚጫወተው ጨዋታ አንድ ነው፤ የማን ሞተር ይበልጣል። ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ከሣር በተሠራ ዳስ ሥር፣ አንዲት ሱዳናዊት ሻይ ትሸጥ ነበር። ሎሪዎቻችንን ከፊታችን ደርድረን እዚያ እንቀመጥና ክርክሩን እንጀምራለን። ሦስት ወገን ነበርን፤ ጣሊያኑን የሚነዱ፣ ጃፓኑን የሚነዱ፣ እንግሊዙን የሚነዱ። መኪናውን በተሠራበት አገር እንጠራዋለን፣ ነጂውንም በመኪናው። "እንግሊዙ መጣ" ከተባለ እኔ መጣሁ ማለት ነው። እንግዲህ የአርማጭሆ ልጅ፣ የከሰል ቁራጭ የመሰልኩ፣ ራሴን በነጭ ጨርቅ የጠመጠምኩ እንግሊዝ ነበርኩ።

ጣሊያኑ በናፍጣ ይሠራል። የበሬ ጉልበት አለው፤ የፈለግከውን ብትጭንበት አያጉረመርምም፣ ግን ባዶውን እንኳ ከባድ ነው። ጃፓኑ አዲስ ነው፤ ቁልፉን ገና ስትነካው ይነሣል፣ ድምፁም ጨዋ ነው። ከተሰበረ ግን ዕቃው በዚያ አገር ገበያ የለም፣ ሰው ወደ ወደብ ልከህ ትጠብቃለህ። የእኔው እንግሊዝ ቤንዚን የሚጠጣ ሽማግሌ ነበር። መለዋወጫው በየጓሮው ተጥሎ ይገኛል፣ መዶሻ ያለው ሁሉ ይጠግነዋል። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረበት፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቀጥ ይላል። በዚያ ሙቀት ቤንዚኑ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይተናል። ከዚያ ወዲያ ብትለምነው፣ ብትረግመው አይሰማህም፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ እስኪበርድ ትጠብቃለህ። ጣሊያኖቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉብኛል። እኔ ደግሞ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ድንጋይ አንሥቼ የተከተልኳቸው ቀን አለ።

መካኒኩን ያወቅሁት በዚሁ አመል ምክንያት ነው። ሁመራ ላይ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ትራክተሮችን ሲጠግን ኖሮ፣ ጦርነቱ ሲደርስ ወንዙን ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። አፉን የፈታው በትግርኛ ነበር፤ አማርኛውን ግን ከእኔ አሳምሮ ይሳደብበታል። ሱዳኖቹ "ኡስታ" ይሉታል፤ የሙያ ጌታ ለሆነ ሰው የሚሰጡት ስም ነው። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። "እግዜር ሰውን ሠራ፣ ሞተሩን ግን ለእኔ ተወልኝ" ይል ነበር፣ ሳይስቅ። መጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ስሰማው ጠላሁት። እጁን ሳየው ነው የወደድኩት።

ያ ዘመን ረሀቡ ሰውን ከነልጁ ከነሽማግሌው ነቅሎ ወደ ሱዳን ያጎረፈበት ዘመን ነው። ታላቅ እህቴ ከልጆቿ ጋር በእግሯ ድንበር ተሻግራ፣ ከዶካ ወዲያ ካለ አንድ ካምፕ መግባቷን የሰማሁት ለካምፑ እህል ከሚያመላልስ አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ነው። ጣሊያን ከሚነዱት መሀል ዋናው ቀልደኛ እሱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳይቀልድ መልእክቷን አደረሰኝ። ዱራ ይሰጡናል ብላለች፤ ዱራ በእነሱ አገር ማሽላ ነው። ግን ከነፍሬው ነው የሚሰጡን፣ ወፍጮ የለም፣ በድንጋይ እንዳልፈጭ ክንዴ አለቀ። ትልልቆቹ ንፍሮውን ይበላሉ። ትንሹ ግን የዋጠው ሁሉ እንደዋጠው ይወጣል፣ አልቆብኛል።

መልእክቱን ስሰማ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። የዝናቡ ወራት ደርሷል። ወደ ዶካ የሚወስደው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዋልካ፣ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር ነው፤ አንዴ ዝናብ ከመታው ክረምቱ እስኪወጣ መኪና አይገባም አይወጣም። እህል ያላቸው ሎሪዎች የመጨረሻ ጭነታቸውን እየጫኑ ነበር። እህልማ ይገባል። ለትንሹ ልጅ የሚሆነው ግን እህል አልነበረም፣ ዱቄት ነው።

የሎሪው ጌታ የጎንደር እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። በግቢያቸው ጥግ ሞተሩ የተሰነጠቀ አሮጌ ወፍጮ ወድቆ ነበር። ለመካኒኩ ነገርኩት።

"ወፍጮው ሞተር የለውም፣ አንተ ሞተር አለህ፤ ምን ያስለቅስሃል?" አለኝ።

"እንዴት አድርጌ?"

"የሎሪውን የኋላ እግር በክሪክ አነሣልሃለሁ። ጎማው በአየር ላይ ሲዞር ከወፍጮው ጋር በቺንጋ ቀበቶ አስረዋለሁ። ሁመራ ላይ ውኃ የምንስበው እንደዚያ ነበር።"

ሐጂ ዘንድ አብረን ሄድን። እኔ እየተንተባተብኩ ሎሪው ክረምቱን እዚያው ካምፑ ታስሮ እንደሚከርም ነገርኳቸው።

"እዚህስ ቢሆን ምን ሊሠራ ነው? ዋልካው ከረጠበ ዝገት ነው የሚበላው" አሉ። "ወፍጮውንም ውሰዱ፣ አንድ በርሜል ቤንዚንም እጨምርላችኋለሁ። ግን ልጄ፣ ቀን በቀን የሚሞት መኪና ዝናቡን እንዴት ብሎ ይቀድማል?"

"እሱን ለእኔ ይተዉት፣ ሐጂ" አለ መካኒኩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የሱዳን ሎሪ ሙሽራ ነው ብል አላጋነንኩም። ጎንና ጎኑ በተቀረጸ እንጨት፣ አናቱ በብረት አበባ፣ ከንፈሩ በሰንሰለትና በቃጭል ያጌጠ ነው። የእኔው በገበያው የታወቀ ነበር፤ ልጃገረዶች ቆመው ያዩት ነበር፣ እኔም ለእኔ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ግቢው ስገባ መካኒኩ ያን ሁሉ ጌጥ አውልቆ መሬት ላይ ከምሮታል። ሰውነቴ ነደደ።

"ምን አደረግከው? ራቁቱን እኮ አስቀረኸው!"

"ና እስቲ አንሣው" አለኝ ወደ ብረቱ ክምር እያሳየኝ። ላነሣ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። "ይህን ተሸክሞ ነው ጉልበት አነሰው የምትለው። ጉልበት በነፃ የሚገኘው ሸክም ሲቀንስ ነው።"

እሱ ሳያንስ አራቱንም ፓራፋንጎ፣ ከጎማ በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ሁሉ፣ ፈታቸው። በቃ፣ አበደ አልኩ። ጭቃ ወዳለበት ልንሄድ የጭቃ መከላከያውን መፍታት የጤና ነው? ስጮህበት ቀና ብሎም አላየኝ። "ዋልካው ያስረዳሃል" አለ፣ ብሎኑን በጥርሱ ይዞ።

ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ሁሉ ቆሜ ነው ያየሁት፣ እያየሁም ንዴቴ በረደ። ከእርዳታ ዘይት የተረፉ ቆርቆሮዎችን ቀዶ፣ የሞተሩ ግለት የቤንዚኑን ቱቦ እንዳያገኘው መሀላቸው አጥር ሠራ። ሞተሩ የሚተነፍስበትን ቦታ ከጋለው ሆዱ አንሥቶ ወደ ውጪ፣ ወደ ነፋሱ አዞረው። የቤንዚኑን ፓምፕ በጆንያ ጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ ክሊኒክ ሄዶ፣ ለበሽተኛ ግሉኮስ ሰጥተው የጣሉትን ቱቦ ለምኖ መጣ። የውኃ ጀሪካን ከሾፌሩ ክፍል ጣራ ላይ ሰቅሎ፣ በዚያ ቱቦ አንድ አንድ ጠብታ ወደ ጆንያው እንዲወርድ አደረገ። ጨርቁ እንደረጠበ፣ ፓምፑ እንደቀዘቀዘ ይውላል። "በሽተኛ አይደል? እንደ በሽተኛ ነው የሚታከመው" አለ።

መጨረሻ ላይ የካንዴላዎቹን እሳት አስተካከለ። መሣሪያ አልነበረውም። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሳት የሚያድለውን ክዳን በጣቶቹ በትንሽ በትንሹ ያዞር ጀመር። እኔ ላወራ ስል "ዝም በል!" አለኝ፣ ሐጂንም ጭምር ዝም አሰኛቸው። ሞተሩ አንዴ ሳል ሳል አለ፣ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ድምፁ ሞላና ረጋ። ያን ሞተር ለዓመታት ነድቼዋለሁ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሐጂ "ማሻአላህ" አሉ ቀስ ብለው። መካኒኩ ዓይኑን ገልጦ "አውቃለሁ" አለ።

ወፍጮውንና ቤንዚኑን ጭነን፣ እህል ከጫኑት ጣሊያኖች ኋላ ተከተልን። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጣልኩ፤ አሁን ቆመ፣ አሁን ቆመ እያልኩ። አልቆመም። ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፣ እንግሊዙ ይሄዳል። ደስታዬ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ መዝፈን ጀመርኩ። መካኒኩ ድምፄን እንደማይወደው ነግሮኝ በመስኮቱ ወጣ ብሎ ጀሪካኑ ላይ ውኃ ጨመረበት።

ዶካን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ገና በመውረድ ላይ ሳለ መንገዱ ሳሙና ሆነ። የዋልካ ጭቃ እንደ ሌላ ጭቃ አይደለም፤ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ እያደገ እያደገ ይሄድና በጎማና በፓራፋንጎው መሀል ተጠቅጥቆ መኪናውን አንቆ ያስቀረዋል። ጣሊያኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ያ ሁሉ ጉልበት እያለ ጎማቸው አልዞር አለ፤ ሾፌሮቹ ወርደው ጭቃውን በብረት ዘንግ ይወጉታል። የእኛው ራቁቱን የመጣው እንግሊዝ ግን የያዘውን ጭቃ ወደ ሰማይ እየወረወረ ያልፋል። እኛም ሎሪውም ጭቃ ለብሰን ዓይናችን ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ መካኒኩን አየሁት። ፈገግ አለ።

"የሰው ጎማ ዱካ እንዳትከተል! አዲስ መሬት ርገጥ፣ ማርሽ እንዳትቀይር፣ እንዳትቆም!" አለኝ።

ያ መልእክት ያመጣልኝ ሱዳናዊ በጭቃ ተለውሶ ከመኪናው ሥር ወጣና "ያ ኡስታ! ፓራፋንጎህን የት ጣልከው?" ብሎ ጮኸ። መካኒኩ የብሎን መፍቻዎቹን በጨርቅ እንደጠቀለለ በመስኮት ወረወረለት። "ገዳሪፍ! አንተም የራስህን ጣል!" ያ መፍቻ የነበረው ንብረት ሁሉ ነው። በኋላ ሰማሁ፣ ሱዳናዊው የራሱንም የጓደኞቹንም ፓራፋንጎ እዚያው ፈትቶ፣ እህሉ በማግስቱ ካምፕ ገብቷል።

እህቴን በድምፅዋ ነው የለየኋት። በመልኳማ አልፌያት ነበር። ትንሹን ልጅ በነጠላ አዝላዋለች፤ ጭንቅላቱ ከጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ወንድም ዓለም፣ ደረስክ?" አለችኝ። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ነው፣ አላፈርኩም።

መካኒኩ አልቅሰን እስክንጨርስ አልጠበቀንም። የወፍጮውን ድንጋይ አገላብጦ በመሮ ወቀረው፣ የሎሪውን አንድ የኋላ እግር በክሪክ አነሣ፣ ቺንጋውን አጠለቀ። የወፍጮ ሥራ ከመንገድ ይልቅ ሞተርን ይፈትናል። እህል ሲገባ ድንጋዩ ይከብድና ሊያጠፋው ይደርሳል፣ እህል ሲያልቅ ደግሞ ይፈነጥዛል። ስለዚህ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ቤንዚን መስጫው ላይ አድርጎ፣ የድንጋዩን ድምፅ እየሰማ እንደ በገና ደርዳሪ ይሰጠዋል ይነሣዋል። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ከተሰለፉት ሴቶች መሀል አንዷ እልል አለች። እንዲያ ያለ ደካማ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

መካኒኩ ግን ሞተሩን አዘገየና "ይህ ይደፋ!" አለ።

ወፍጮ ያለበት አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ይጣላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚበላው። አገር ቤት ይህን ሲያደርጉ ማንም ቅር አይለውም። እዚያ ግን ሴቶቹ ዱቄቱ የወረደበትን ቅርጫት ከበቡት። እህቴም መሀላቸው ነበረች። "እህል አይደፋም" አለች። "ልጅ ቀብረን መጥተን እህል አንደፋም።" ሌሎቹም እጃቸውን ቅርጫቱ ላይ ጫኑ። ቢወስዱት ለልጆቻቸው ነው የሚሰጡት፤ የእነዚያ ልጆች አንጀት ደግሞ እንኳን ድንጋይ፣ ውኃም አልቻለም።

ይጮኽባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሐጂን ዝም ያሰኘ ሰው ነው። ሞተሩን ለእኔ ሰጠኝና ወደ ሴቶቹ ሄደ። እጁን በሱሪው ጠራረገ።

"እውነታችሁን ነው፣ እናቶቼ፤ አይደፋም" አለ። "ይህ የእኔ ድርሻ ነው። የልጆቹ የሚቀጥለው ነው።"

በጣሳ ከዱቄቱ ዘገነ፣ ውኃ ጨመረበት፣ በጣቱ አማሰለና ፊታቸው ቆሞ በላው። አሸዋው ከጥርሱ ጋር ሲፋጭ ሞተሩ እየሠራም ይሰማ ነበር። ጣሳውን ጨርሶ አሳያቸው። እህቴ እጇን ከቅርጫቱ አነሣች፣ ሌሎቹም አነሡ። ቅርጫቱን ተሸክሞ ሎሪው ውስጥ አስቀመጠና ተመልሶ ሞተሩን ተቀበለኝ።

ከሁለተኛው ዱቄት እህቴ ሙቅ አፈላች። ትንሹ ልጅ ከማንኪያው ጫፍ መጠጣት ጀመረ፤ የጠጣውም ሆዱ ውስጥ ረጋ። ክረምቱን አለፈው፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

መካኒኩ ያን ቅርጫት ዱቄት እስኪያልቅ ድረስ ለብቻው በላው፣ ሌላ አልቀመሰም። ሁለት መንጋጋዎቹ ተሸርፈውበታል። ክረምቱ አልቆ ገዳሪፍ ስንመለስ፣ ሻይ ቤቱ ተቀምጦ ስለ ግሉኮሱ ቱቦና ስለ ፓራፋንጎው ሲፎክር ሰሚው እስኪሰለች ድረስ ነበር። መንጋጋህ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁት ግን "አረጀሁ" ነበር የሚላቸው።