ለአባዬ እንዳትነግረው

የማንጎ ፍሬ ሥጋው ተመጦ ካለቀ በኋላ እጅ ላይ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ያንሸራትታል፤ ጭረቱ ጣትሽ መሃል ይገባል፤ ሽታው በሳሙና ታጥበሽም እስከ ማታ አይለቅም። ቅድም ልጄ በልታ የጨረሰችውን ፍሬ እጄ ላይ አስቀምጣ «ቀስ ብለሽ ያዢው፣ እንዳያመው» ስትለኝ አንቺ ከት ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ዝም ስል ደግሞ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አልሽኝ። ተቀይሜ አይደለም። ትንሽ ልጅ የሚያስቅ ነገር ሲናገር እኔ መጀመሪያ ክው ነው የምለው፤ ሳቁ የሚመጣልኝ ነገሩን አገላብጬ ካየሁት በኋላ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የተወለደው እኔ የቤቱ ብቸኛ ልጅ ሆኜ ተሞላቅቄ ካበቃሁ በኋላ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ እሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነው። ቤታችን ሴቻ፣ ከከተማው ላይኛው ሰፈር ነበር፤ በረንዳው ላይ ስትቀመጪ የአባያ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ቀልቶ ይታያል። አባቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። እናቴ ከጫኖ ማንጎና ሙዝ እያስመጣች በታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ ትሸጣለች። በማንጎ ወቅት ሣጥኑ አልጋ ሥር ሳይቀር ይደረደር ስለነበር ቤታችን በሙሉ ይጣፍጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ንብ እንኳ በመስኮት እየገባ ያስቸግረን ነበር።

ያ ልጅ አፉ ላይ መዝጊያ አልነበረውም። አንድ ቀን የአባቴ እህት ከደጋው፣ ከኦቾሎ ወረደች። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ለራሷ «ዛሬም ልታድር ነው መሰለኝ» ብላ ታጉረመርማለች። ወንድሜ ሰማና እየሮጠ ወደ በሩ ሄደ። «አክስቴ፣ ዛሬም ልታድሪ ነው?» አላት። «አዎ የኔ ጌታ» አለችው። እሱ ዞር አለና ወደ ጓዳ ጮኸ፦ «እማዬ! አዎ አለች!»

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ከጓዳ አልወጣም ብላ ቆየች። አክስቴ ግን የደጋ ሰው ናት፤ በአማርኛዋ ወንዱም ሴቱም አንድ ነው፤ ልቧም ሰፊ ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀችና «ይህቺ ልጅ ጉድ ነው! አድራለሁ፣ ነገም አድራለሁ!» አለች። ነገም አደረች።

ድብብቆሽ ስንጫወት ደግሞ አይደበቅም። ግቢው መሃል ይቆምና ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል። «ያዝኩህ» ስለው ይናደዳል። «አላየሽኝም! ማንም የለም!» ይለኛል። ዓይኑን ሲጨፍን ዓለሙ ሁሉ ጥሎት የሚሄድ ይመስለው ነበር። ይህን ነገር ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያ ዓመት በማንጎው ወቅት አዲስ አመል አመጣ። እናቴ ከገበያ በፀሐይ ተቃጥላ ትመጣና ብርጭቆ ውሃ ታነሳለች። እሱ ካለበት እየበረረ መጥቶ ይነጥቃታል። «አትጠጪ! ያድጋል!» ይላታል። ውሃው ቀሚሷ ላይ ይፈሳል፤ እሱ እንባው ይመጣል። እኛ እንስቃለን። እናቴም ትስቃለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ትጠጣለች።

«ምንድነው የሚያድገው?» ስንለው አይናገርም። ጥያቄ ግን አለው። ምሳ ላይ አባቴን «ማንጎ ያለ ፀሐይ ይበቅላል?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ አስተማሪ አይደል? ማንኪያውን አስቀምጦ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ውሃና ስለ አፈር ሙሉ ትምህርት ሰጠው፤ «ፀሐይ ካላገኘ አያድግም» ብሎ ደመደመ። በማግስቱ እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ወንድሜ ከእሱ የሚበልጥ ጃንጥላ እየጎተተ ተከተላት። ሲቀላ ደርሶ አጠገቧ ቆሞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ጃንጥላ ያዘላት። ገበያተኛው ሁሉ «ባልሽ መጣ!» እያለ ሲያሾፍባት ዋለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «ሳይንቲስት ነው፤ ተመራማሪ ነው» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ሌላ ቀን ደግሞ «ማንጎ ሲበስል ራሱ ይወድቃል ወይስ ሰው ነው የሚያወርደው?» አለ። ይህንንም ለሰው ነግረን ሳቅንበት።

አሁን ይህን ሳወራሽ እጄ ላይ ያለው ፍሬ እየደረቀ ነው። ታያለሽ፣ ሲደርቅ እንዴት ቆዳ እንደሚይዝ።

በእኛ ቤት፣ እንደ ብዙው የጴንጤ ቤት፣ ማዕድ ሲቀርብ ጸሎቱ የሚሰጠው ለትንሹ ነበር። እንግዳ ሲኖርማ የግድ ነው፤ ልጁ እንዴት እንደሚጸልይ ይታያል፣ ወላጅም በዚያ ይኮራል። ደንቡ ደግሞ አንድ ነው። ጸሎት ከተጀመረ ዓይን አይገለጥም፣ ወሬም አይገባበትም። ወጥ ቢያርር ያርራል፤ በር ቢንኳኳ ይንኳኳል። የሚጸልየው ሰው «በኢየሱስ ስም» እስኪል ድረስ የሚፈቀደው ቃል «አሜን» ብቻ ነው።

ለፈተናዬ የሚጸለይበት እሑድ ደረሰ። ከቸርች መልስ ወንጌላዊው መጣ፤ አክስቴም ከኦቾሎ ወርዳለች። እናቴ ኩርኩፋ ሠርታ ነበር፤ የበቆሎው ድብልብል ከሀላኮው፣ ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር ትልቅ ሣህን ላይ ይጨሳል፤ የሚያቃጥለው ዳጣ አጠገቡ ነው። በመስኮቱ የገባው ብርሃን እንፋሎቱን እየቆረጠ የእናቴ ጉልበት ላይ አርፏል። ወንጌላዊው «እስኪ የእኛ አገልጋይ ይባርክልን» አለና ወንድሜን ጠራው። ወንድሜ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ሁለት እጁን አጣብቆ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። እኛም ጨፈንን።

«አባት ሆይ፣ ስለዚህ ቀን እናመሰግንሃለን» አለ እንደ ትልቅ ሰው።

«አሜን» አልን።

«እህቴን ፈተናውን አሳልፋት። ሰይጣንን እሰረው።»

«አሜን፣ አሜን!» አለች አክስቴ።

«እማዬ የዋጠችውን የማንጎ ፍሬ ደግሞ አውጣላት።»

«አሜን!» አለች አክስቴ በለመደው አፏ። አባቴ ሳቁን ሲያፍን ትንፋሹ ተሰማኝ። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ።

«ጡቷ ውስጥ ነው ያለው። በፊት ትንሽ ነበር፣ አሁን ትልቅ ሆኗል። ደረቅ ነው። ስነካው ያማታል። ውሃ ከለከልኳት፤ ጃንጥላም ያዝኩላት፤ ግን ዝም ብሎ ያድጋል። ጌታዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግረው። እማዬ ለማንም አትንገር ብላኛለች። እኔ ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። በኢየሱስ ስም አሜን።»

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የእናቴን እጅ ነው፤ ነጠላዋን በግራ ጡቷ ላይ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ጡት ከጣለ ቢቆይም ወንድሜ እንቅልፍ የሚወስደው እጁን እዚያ ከትቶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። «ምንድነው?» ብሎ ጠይቋታል፤ «ማንጎ ስበላ ፍሬው ገባ» ብላዋለች። በቃ፣ ያ ሁሉ ውሃ መንጠቅ፣ ያ ሁሉ ጃንጥላ ይሄ ነበር። በሳቅ የፈነዳንበት እያንዳንዱ ቃል ተራ በተራ እየተመለሰ መታኝ።

ወንጌላዊው ዝቅ ባለ ድምፅ «አሜን» አለ። ወንድሜም ዓይኑን ገለጠና ሁላችንም እዚያው መሆናችንን አየ። አባቴ ግን አልገለጠም። እንደጨፈነ «እውነት ነው?» አለ።

«ልጅ ነው እኮ፣ ዝም ብሎ ነው...» አለች እናቴ።

«እውነት ነው ወይ አልኩሽ።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። «ትፈተን ብዬ ነው» አለች። «ልጅቷ ትፈተን፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ ነው። ደግሞ ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይላሉ። የእናቴን አይቻለሁ።»

ለእኔ ብላ። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደንግጬ አላውቅም። ለእኔ ፈተና ሊጸለይ ሰው ተሰብስቧል፤ በእኔ ፈተና ምክንያት እናቴ ሕመሟን ነጠላ ሥር ይዛ ማንጎ ትሸጣለች። አክስቴ «ጦሶ! ጦሶ!» እያለች አምላኳን በጋሞኛ ትጠራለች፤ ጉልበቷን ትመታለች።

ወንጌላዊው ሣህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «እህቴ፣ ልጁ ለምኖ እኛ አሜን ብለናል። አሜን ካልን በኋላ ደግሞ ቁጭ አንልም። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

ወንድሜ ፊታችንን አንድ በአንድ ተመለከተ። የእናቴ ጉልበት ላይ ወጣና በጆሮዋ ልናገር ብሎ ሁላችንም እየሰማን «እማዬ፣ ጌታ ነገረብን እንዴ?» አላት።

እናቴ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ከልቧ ሳቀች። «አዎ ነገረብን። ደግ አደረገ» ብላ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችው። አባቴ ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ፤ ቀይ ነበር።

ኩርኩፋው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

የእኛ ከተማ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እኔ ስፈተን እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አለፍኩ፣ ግን ያን ቀን ስለ ፈተናው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስትመለስ በአንድ በኩል ደረቷ ጎድሎ፣ ፀጉሯ ረግፎ ነው የመጣችው። ወንድሜ ግቢው በር ላይ ጠበቃት። ሰላም እንኳ ሳይላት «ፍሬውን የት አደረጉት?» አለ።

እኔ አሁንም ክው አልኩ። እሷ ግን ዓይኗን አላሸችም። «ውስጥ ያለውን አምጪ» ብላ ጠቀሰችኝ፤ ገባኝና ሮጥኩ፤ አክስቴ ቅድም በልታ ሣህን ላይ የተወችው የማንጎ ፍሬ ነበር። አመጣሁላት። «ይኸው፤ ላንተ ብዬ ይዤልህ መጣሁ» ብላ እጁ ላይ አደረገችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ሊያይ፣ ሊያሸት ቆየና «አሁን ውሃ ይጠጣ?» አላት። «አሁንማ ይጠጣ» አለችው። ቧንቧው አጠገብ ቀበሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ እንዳሻት ውሃ ትጠጣ ነበር፤ ማንም አልነጠቃትም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ጮክ ብሎ አልጸለየም። ተራው ሲደርስ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ምን እንዳለ ማንም አይሰማም። አፉ ላይ መዝጊያ ያልነበረው ልጅ ቃሉን እየመረጠ የሚያወጣ ሆነ። ያ ልጅ ይናፍቀኛል፤ ሰውዬው ደህና ነው፣ ያ ልጅ ነው የሚናፍቀኝ።

ዛፏ ያፈራችው እሱ አራተኛ ክፍል ሲገባ ነው። የመጀመሪያዋን እናቴ በላች፤ ጭማቂው በክንዷ እየወረደ «የጫኖ ማንጎ አጠገቧ አይደርስም» አለች። በተከታዩ በጋ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ሲሉን ወንድሜ ሁሉን የሚረዳ ልጅ ነበር፤ የማንጎ ፍሬ ጡት ውስጥ እንደማይገባ ካወቀ ቆይቷል። ቢሆንም አንድ ጠዋት ባልዲ ሞልቶ ወጣና ዛፏን አልፎ ጎመኑን አጠጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ።

እናቴ አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነበርና አየችው። ጠራችው። «ውሃ ስጠኝ» አለችው።

ብርጭቆውን ይዞ መጣ፤ እንደዚያን ጊዜው ጃንጥላ በሁለት እጁ ጨብጦታል። ጭንቅላቷን ደግፌ አቀናኋት። ውሃ መዋጥ አቅቷት ነበር፤ ግን እሱን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ እያረፈች፣ ሙሉውን ጠጣች። ባዶውን ብርጭቆ መለሰችለትና «በል፣ እሷንም አጠጣት፤ ጠምቷታል» አለችው።

ወጣ። የቧንቧው ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማው ነበር።

ይህ ማንጎ ከእሷ ዛፍ ነው። ወንድሜ በየዓመቱ ያመጣልኛል፤ ከልጄ ጋር ሲቀመጡ ምን ምን እንደሚነግራት አላውቅም፣ አልጠይቅም። ብቻ ቅድም «ቀስ ብለሽ ያዢው» ስትለኝ ቀስ ብዬ ያዝኩት።