ዊልማር ሳይታጠብ

ኔይላ ሬንቴሪያ ሜዴሊን ከተማ ሄዳ ምን እንደምትማር ለመንደሯ ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ነርስ ብትላቸው ይገባቸዋል፤ አስተማሪ ብትላቸውም ይገባቸዋል። «የወንጀል ምርመራና የፎረንሲክ ሳይንስ» ስትላቸው ግን ጀልባ ጠጋኙ ዶን ክሬሴንሲዮ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «ታዲያ እዚህ ሬሳ ጠፍቶ ነው ሜዴሊን ድረስ የሄድሽው?» አሏት። የሰማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «የሬሳ ተማሪዋ» ሆኖ ቀረ።

እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አክስቷ አርኖቢያ ናቸው። ከአንድ ልጃቸው ከዊልማር ጋር ባንድ ምንጣፍ ተኝታ፣ ካንድ ሳህን ሙዝና ዓሣ እየተሻማች ነው ያደገችው። አርኖቢያ ደግሞ በዚያ የአትራቶ ወንዝ ዳርቻ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩ ሴት ነበሩ። ሬሳ ያጥባሉ። ገላው ሳይደርቅ፣ ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውሃ፣ ስሙን እየጠሩና እያዋሩት ያጥቡታል። ሳይታጠብ የሄደ ሰው መንገዱ አይቀናውም ብለው ያምናሉ። ጠላታቸውን እንኳ አጥበዋል፤ እየተሳደቡም ቢሆን።

ኔይላ ይህን እያየች ስላደገች ነው አንደኛ ዓመት ላይ ጉድ የሆነችው። የመለማመጃው ክፍል ወለል ላይ ዓይኑ የተገለጠ አሻንጉሊት በሟች ምሳሌ ተጋድሟል። ዙሪያው በቢጫ ሪባን ታጥሯል። ተራዋ ሲደርስ ኔይላ ሪባኑን ተሻግራ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ የአሻንጉሊቱን ፊት በመሀረቧ ሸፈነችው።

«ሬንቴሪያ» አሉ መምህር ኦስፒና፣ «አሁን ሟቹ ፊት ላይ የማን ምልክት የሚገኝ ይመስልሻል?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ገዳዩ ተገኝቷል። መልኩን የሚስል ሰዓሊ አንጠራም፤ እጅሽን ብቻ ስጪን።»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ የመንደሯን ሙታን እያሰበች ነበር። ወንዝ በላቸው የተባሉት፣ ከዛፍ ወደቁ የተባሉት ሁሉ በወጉ ታጥበዋል፣ በወጉ ተለቅሶላቸዋል። ማን ምን እንዳደረጋቸው ግን ዛሬም የሚያውቅ የለም። የአክስቷ እጅ የዋህ እጅ ነው፤ ስንቱን ገዳይ ሳያውቅ ነጻ እንዳወጣ ግን እግዜር ይወቀው። እንዲህ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት። ቢሆንም ትምህርቷን የያዘችው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ሊጀመር ሲል ለዕረፍት ወደ መንደሯ መጣች። አንድ ጠዋት ከጀልባ ማቆሚያው በኩል ጩኸት ተሰማ። ሮጣ ስትደርስ ዊልማር ከተገለበጠ ጀልባ አጠገብ ሞቶ ተጋድሟል። አንገቱ ላይ የረጋ ደም አለ፤ እጆቹ ጭቃውን ጨብጠዋል።

ያኔ ምን እንደተሰማት ኋላ ልታስታውሰው ብትሞክር አልቻለችም። እጇ ግን የተማረውን ሠራ። ሰዉን ወደኋላ መለሰች። ከዓሣ መረብ ላይ ገመድ ፈትታ ከዛፍ ዛፍ አሰረች። ከሱቅ የዳቦ ወረቀት አስመጥታ፣ ሁለት እጆቹን እንዳሉ ጠቅልላ አሰረቻቸው። ወደ ኪብዶ ከተማ ፖሊስ ተደወለና መርማሪዎቹ በጀልባ ተነስተናል አሉ።

መርማሪዎቹ ሳይደርሱ አርኖቢያ ደረሱ። አላለቀሱም። ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ሳፋ ታቅፈዋል።

«ዞር በይ» አሏት።

«አክስቴ፣ አይሆንም። እስኪመጡ ድረስ ማንም አይነካውም።»

«ማንም? እኔ ማንም ነኝ?»

«እጁን ይዩት፤ ታግሏል። ጥፍሩ ውስጥ የገደለው ሰውዬ ቆዳ አለ። ካጠቡት ሰውዬው ከውሃው ጋር ይሄዳል።»

«ይሂዳ! እኔ የወለድኩት ልጄን ነው፣ ሰውዬውን አይደለም!»

ጎረቤታቸው ኤውፌሚያ ከኋላ ሆና፣ «ዓይኗን በጨው የታጠበች! ጡት የሰጠቻትን ከልጇ ትከለክላለች! ይኸ ነው ሜዴሊን ያስተማረሽ?» ስትል ጮኸች። ሰዉ ወደ ገመዱ ተገፋ። ይሄን ጊዜ ዶን ክሬሴንሲዮ መጥተው ከኔይላ ጎን ቆሙና ገመዱን ጨበጡ። «ኤውፌሚያ፣ አፍሽን ያዢ። ባንቺ ቤት እሷ ደስ ብሏት ነው የቆመችው?»

ኔይላ አክስቷን አየቻቸው። «ሲመልሱት ያጥቡታል። እርስዎ ራስዎ ያጥቡታል፤ ቃሌ ነው።»

አርኖቢያ ገመዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ የለቅሶ መዝሙራቸውን እዚያው ጀመሩ። ፀሐዩ ከረረ፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ቅጠል ጠወለገ። ኔይላ ከገመዱ ሳትርቅ ቆመች። ካለቀሰች እንደምትለቃቸው ስላወቀች አላለቀሰችም። መርማሪዎቹ ሲደርሱ አንደኛው ወረቀቱን አይቶ፣ «እጁን የሸፈነው ማነው? ጎበዝ!» አለ። በሕይወቷ እንደዚያ ምስጋና ያቃጠላት ነገር የለም።

ዊልማር ለምርመራ ተወስዶ ሲመለስ በታሸገ ሣጥን ነበር። ሙቀቱና የቆየበት ቀን ተደማምረው፣ እንዳይከፈት የሚል ትእዛዝ አብሮት መጣ። ይህን ማወቅ ነበረባት። ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለች፤ በዚያች ቀን ግን የምትለው ስታጣ የማይሆነውን ቃል ሰጠች። አርኖቢያ ሣጥኑን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ ቤት ገቡ።

የዘጠኙ ቀን ለቅሶ ሳያልቅ ሰውዬው ተያዘ። ነዳጅ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ የዊልማርን የጀልባ ሞተር ሊወስድ ሲል ተያይዘው ነው የገደለው። በዊልማር ጥፍር ውስጥ የተገኘው ቆዳ መሰከረበት። መንደሩ ባንድ ጊዜ ተገለበጠ። ኤውፌሚያ ሳትቀር ዓሣ ጠብሳ መጥታ፣ «የኛ መርማሪ» ብላ አቀፈቻት። አርኖቢያ ግን ምግቧን ያቀርቡላታል፣ ሳህኗን ያነሳሉ፣ ፊቷን አያዩም። ኔይላ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር። ያ ሰው ታስሮ እንኳ የገዛ ቤቷ ውስጥ የተፈረደባት እሷ መሰለች።

ወደ ሜዴሊን ልትመለስ ዕቃዋን ስታስር ከጓሮ ጠሯት።

«ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አርኖቢያ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል።

«አንቺ በደንብ አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ፣ አክስቴ።»

«እኔ አላየሁትም። ገመዱ ራቀብኝ፣ ዓይኔም ደክሟል። ንገሪኝ።»

ኔይላ እንደተማረችው ጀመረች። «ሟቹ በጀርባው...»

«ስም አለው።»

«ዊልማር በጀርባው ተኝቶ ነበር።»

«ከራሱ ጀምሪ። እኔም የምጀምረው ከራሱ ነው።»

ከራሱ ጀመረች። ጸጉሩን በቅርቡ እንደተስተካከለው፣ ከግራ ጆሮው ኋላ አሸዋ እንደነበር፣ ግንባሩ ደህና እንደነበር። ግራ ዓይኑ በከፊል ተገልጦ እንደነበር። አንገቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እሱንም» አሉ።

እሱንም ነገረቻቸው፣ ሳትቀንስ። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ አንድ ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዝ። ቀና ስትል የአክስቷ እጆች ተነስተዋል። አንዱ አየር ላይ የሌለ ነገር ደግፎ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ያብሳል። ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል፤ እያዋሩት ነው። ኔይላ እንባዋ እየወረደ ንግግሯን ዝግ አደረገች፣ እጃቸው እንዲደርስባት። ክንዱን አለፉ፣ ወገቡን፣ ጉልበቱን።

«እግሩስ?»

«ጫማው አንዱ ወልቋል። ተረከዙ ተሰንጥቋል።»

«ጣቶቹ መሃል?»

«ጭቃ አለበት።»

አርኖቢያ የኔይላን ሁለት እጆች ያዙና ወደ መሬት፣ እግሩ ሊሆን ወደሚችልበት አወረዷቸው።

«እንግዲህ እሱን አንቺ እጠቢው» አሏት። «ወንድምሽ ነው።»