የጀማልና የእኔ ጀግኖች

ዛሬ ሮቤ ገበያ አጠገብ ካለ ሱቅ ልጄ የጀግኖች ካርድ ገዝታ ስትከፍተው፣ የአዲስ ወረቀትና የቀለም ሽታው ጀማልን አስታወሰኝ።

በልጅነታችን ጎረቤታሞች ነበርን። የእሱ ካርዶች የሚበሩት ጀግኖች ነበሩ፤ የእኔ ደግሞ ጉልበተኞቹ። ለየብቻ ስንጫወት ስለምንሸነፍ፣ ከሁለቱም ቡድን ምርጥ ምርጡን አውጥተን አንድ የጋራ ጥቅል ሠራን። በዕድሜ የሚበልጠንን ታደሰን በዚያ አሸነፍነው።

"ሁለት ቡድን መቀላቀል ሌብነት ነው" አለና ታደሰ በድንጋይ የጀማልን አፍ መታው። የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጀማል ደም እየተፋ ጆሮውን ነከሰው። እኔም ታደሰን ከኋላ አንቄ ጎተትኩት፤ ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተንከባለልን። ካርዶቹ ከእኛ ሥር በደም ተለወሱ።

ባለጋሪው ኦቦ ቱሉ ከጋሪያቸው ወርደው በግድ ገላገሉን። አንዱን ካርድ አንስተው፣ "እነዚህ ምንድን ናቸው?" አሉ።

"ዓለምን የሚያድኑ ናቸው፣ ኦቦ" አልኳቸው።

የጀማልን አፍ አዩ። "ታዲያ ይሄ ልጅ ሲመታ የት ነበሩ?"



ጀማል አሁን እዚሁ ሮቤ ጨርቅ ይሸጣል። ሲስቅ እስከ ዛሬ አፉን በእጁ ይሸፍናል።