ጨረቃዋን ማን ሠራት?

እኔ የታሰርኩት በእንጨት ጨረቃ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሸዋ ተመድቤ ጎባ የሳይንስ መምህር ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት። በዚያ ዓመት መምህራን የማስተማሪያ መርጃ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ራሳቸው እንዲሠሩ የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። ሌላው ካርቶን ቀዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ተገላገለ። እኔ ግን አጉል ጎበዝ ልሁን ብዬ ፀሐይን፣ ምድርንና ጨረቃን የሚያሳይ፣ መዘውሩን ሲጠመዝዙት የሚዞር የእንጨት መሣሪያ አሰብኩ። ቅርብ ባለችው ከተማ በሮቤ አንድ አናጢ አገኘሁ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ የስምንት ልጆች አባት። እኔ ቁጥሩን እያሰላሁ ሰጠኋቸው፣ እሳቸው ጥርስ ያላቸውን ክብ እንጨቶች ከወይራ ፈለፈሉ። እኛ “ጎማ” ነበር የምንላቸው። አንድም የብረት ሚስማር አልገባበትም። ሁሉም እየተሰካካ ይገጣጠማል፣ ሥራው ሲያበቃ ተፈታትቶ ጆንያ ውስጥ ይገባል።

አንድ ጠዋት ሁለት የደኅንነት ሰዎች ክፍሌ ድረስ መጥተው እኔንም ጆንያውንም ይዘው ሄዱ። ተማሪዎቼ ብድግ ብለው ቆሙ። እንግዳ ሲገባ ብድግ በሉ ያልኳቸው እኔው ነበርኩ።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ገብሱ ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም፤ የተራበ ሰው ቀኑን ሙሉ ገብስ እየሸተተው ይቀመጣል። ሠላሳ ምናምን ነበርን። በአንድ ጎን ተደርድረን ስለምንተኛ አንዱ መገላበጥ ከፈለገ የክፍሉ ተጠሪ “ዙር!” ይላል፣ ሁላችንም አብረን እንዞራለን። የጎባን ብርድ ለሚያውቅ ሰው መጣበቡ በረከት ነበረው።

“ምን አድርገህ ነው?” አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ የእህል ነጋዴ።

“ጨረቃ ሠርቼ።”

“አስተግፊሩላህ!” ብሎ ራቅ አለ። መራቂያ ቦታ ስላልነበረ የራቀው በአንገቱ ብቻ ነው።

መርማሪው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበር። የመሣሪያውን ስሌት የጻፍኩበትን ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ ቁጥር በእርሳስ አክብቦበታል።

“ሃያ ዘጠኝ ተኩል ምንድን ነው?”

“ጨረቃ ከሙሉ እስከ ሙሉ የምትቆይበት ቀን ነው፣ ጓድ።”

“የሃያ ዘጠኙን ስም ትነግረኛለህ። ተኩሉስ ማን ነው? ገና ያልተመለመለ ነው?”

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። እኔ ማስረዳት እንጀራዬ ነው፤ ለዚያ ሰው ግን ጨረቃን ማስረዳት አቃተኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ የደበቅሁ እመስል ነበር። በኋላ እንደገባኝ ጎማዎቹን የሰዓት ፈንጂ አካል አድርገዋቸዋል፤ መዘውሩን ምን እንዳደረጉት ግን እስከዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልዘረዝርም። እግሬ ጫማ ውስጥ መግባት አቆመ፣ ይኸው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስ ነበር። መርማሪው እጄን ገልብጦ መዳፌን ያየዋል፦ “ይህ የጠመኔ እጅ ነው። እንጨት ፈልፍሎ አያውቅም። ማን ሠራልህ?” እኔም “እኔው ነኝ፣ ብቻዬን” እላለሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። የዚያ ሰው ስም ከአፌ ከወጣ ስምንት ልጆች ተከትለውት ጎዳና እንደሚወጡ ስለታየኝ ነው። ሌላ ምንም ነገር እርግጠኛ ባልሆንበት ቦታ ይህን አንዱን ይዤ ቆየሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ተጠራሁ። የመሣሪያው ብልቶች ከጆንያ ተዘርግፈው ጠረጴዛ ላይ ተከምረዋል። በሩ አጠገብ ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ቆሟል።

“ያንተ ነገር ግራ ገብቶኛል” አለ መርማሪው፤ ደከም ያለው መሰለኝ። “ሌላ ሰውም ይህን ነገር ብቻዬን ሠራሁት ይላል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሠሪ፣ ሁለቱም ብቻቸውን!”

አናጢውን አስገቧቸው። ሮቤ ቤታቸው የተቀመጡ ይመስለኝ የነበሩት ሰው ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ከርመው ኖሯል፤ ማን እንደጠቆማቸው አልሰማሁም። ፊታቸው አብጦ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። ጮክ ብዬ ልጠራቸው ዳድቶኝ ምላሴን ነከስኩ።

“ይህን ሰው ታውቀዋለህ?” አላቸው መርማሪው።

“አላውቀውም፣ ወላሂ።”

“ዓይንህ ተከድኖ እንዴት አላውቀውም ትላለህ?”

ወታደሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

“እንግዲህ ግጠሙት” አለ መርማሪው። “ብቻውን የገጠመ እሱ ነው የሠራው። ሌላው ቤቱ ይሄዳል።”

እሳቸው አያዩም፤ ስለዚህ ተራው የእኔ ሆነ። በሆዴ ደስ አለኝ። ገጥሜ ከጨረስኩ ሰውዬው ዛሬውኑ ሮቤ ይገባሉ። ጎማዎቹን ማንሳት ጀመርኩ። የትኛው የትኛው ነው? ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ፣ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ፤ ያን ቀን ግን ሁሉም አንድ መሰሉኝ። ፀሐይዋን ተከልኩ፣ ምድርን የሚይዘውን ክንድ አገባሁ፣ የምድርን ጎማ ሰካሁ። የጨረቃዋ ጎማ በአንድ ፊቱ ጉብታ አለው፣ ጉብታውም ወደ ታች መሆን አለበት። ሰካሁትና መዘውሩን ቀስ ብዬ ጠመዘዝኩ። እንጨት ከእንጨት ጋር ሲፋጭ ተሰማ።

“ላኪ፣ ላኪ!” ብለው ጮኹ አናጢው፤ ተው፣ ተው ማለታቸው ነው። “ገልብጠኸዋል ባርሲሳ! ጥርሱ ይረግፋል!”

ሁላችንም ደነገጥን። ከሁሉ የደነገጡት እሳቸው ይመስለኛል፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ዓይናቸው የተከደነው ሰው፣ አላውቀውም ያሉት ሰው፣ በእንጨቱ ድምፅ ብቻ ስህተቴንም እኔንም ለዩ።

መርማሪው ወንበር ስቦ “አብራችሁ ግጠሙት” አለ።

አብረን ገጠምነው። እኔ ብልቱን አቀብላለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ጥርሱን ዳብሰው ይሰኩታል። ሲያልቅ መዘውሩን አዞርኩ። ምድር ፀሐይን መዞር ጀመረች፣ ጨረቃዋም ምድርን። ወታደሩ ከበሩ ቀረብ አለና “ጎባ የቱ ጋ ነው?” አለ። አሳየሁት። “ይቺ ብቻ?” ብሎ ቅር አለው።

“ፈንጂ አይደለም ማለት ነው?” አለ መርማሪው።

“አይደለም፣ ጓድ።”

“ፈንጂ ካልሆነ ታዲያ ሁለታችሁም ለምን ዋሻችሁ?”

አናጢው ወደ ድምፁ ዞረው በረጋ አነጋገር “ስለምትማቱ ነው፣ ልጄ” አሉት።

የሚመታቸው መሰለኝ፣ አልመታቸውም። የሚዞረውን የመሣሪያውን ክንድ በጣቱ ገፍቶ አቆመና ለወታደሩ “ውሰድና ሰባብረው” አለው።

“አይሰበርም” አሉ አናጢው። “ይህ ይፈታል። ልፍታው።”

ፈቃድ አልጠበቁም። እጃቸውን ዘርግተው ጨረቃዋን አገኟት፣ ከክንዷ አላቀቋት። ቀጥሎ ጎማውን፣ ቀጥሎ ምድርን፤ የተሰካበትን ተራ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ እያንዳንዱን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ። አልቸኮሉም። ማንም አላስቸኮላቸውም። ወታደሩ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ገፋ አድርጎ ጆንያውን በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘላቸው። መርማሪው መስኮቱን እያየ እስኪጨርሱ ጠበቀ። በዚያ ግቢ ውስጥ የታዘዘ ነገር ሳይፈጸም ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጆንያው የት እንደደረሰ አላውቅም።

እኔ በሰባተኛው ወር “ውጣ” ተባልኩ፤ ለምን እንደገባሁ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደወጣሁም አልነገሩኝም። ወዲያው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩኝ። አናጢው ሦስት ዓመት ቆዩ። ጎማውን በድምፁ የለየ ሰው ዋናው ሠሪ ነው ተብሎ ተጽፎባቸው ኖሯል።

እነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ጎማውን የገለበጥኩት በእውነት ተደናግሬ ነው? ወይስ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ፣ እሳቸው እንደሚናገሩ እያወቅሁ ነው? እጆቼን አስታውሳለሁ፣ ሐሳቤን ግን አላስታውስም። ሦስት ዓመት ያሳሰርኳቸው እኔ እሆናለሁ ብዬ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ከዓመታት በኋላ ለፈተና ሥራ ሮቤ ተላክሁና ከገበያው ጀርባ ሱቃቸውን አገኘሁት። የጋሪ ሳጥን ይሠሩ ነበር። አንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሌላው ጥቂት ያያል። ድምፄን ሲሰሙ “ባርሲሳ!” ብለው መሮውን ጣሉ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ልጆቹን ጠየቅሁ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ስዘጋጅ የከረምኩትን ጀመርኩ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን ጎማውን የገለበጥኩት…”

“አዎ፣ ገልብጠኸው ነበር” አሉና ክንዴን ያዙኝ። “እኔ ምለው፣ ከዚያ በኋላ ደህና ዞረች ወይ? ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። እዚያ ሆኜ ሦስት ዓመት የምጠይቀው ሰው አጣሁ።”

ዞረች አልኳቸው። አንድም ቦታ ሳትነካ፣ ከምድር ጀርባ ገብታ በወዲያ በኩል እንደወጣች ነገርኳቸው። በሙሉ ፊታቸው ሳቁ። “እሰይ፣ ደግ!” አሉና መሯቸውን ፍለጋ ጎንበስ አሉ።

አሁን በሕይወት የሉም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳልጠይቅ ተመለስኩ፤ የተበደሉ ሰው መስለው አልታዩኝማ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር፣ እስካሁን አላወቅሁም።