ሻምበሉ ሁለት ሆኖ የወጣ ሰሞን

ወይዘሮ ተናኘወርቅን የማያውቅ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ግድግዳ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከእጃቸው የጠፋ ወረቀት የለም ይባላል። ራሱ የሞተበትን ቀን የረሳ ሰው እንኳ እሳቸው ጋ ቢሄድ ቀኑንም ሰዓቱንም ይነግሩታል እየተባለ ይወራላቸዋል። እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን ጌጃ ሰፈር ወርደው ቆሎ ሲገዙ ሰላማቸውን ያጡት።

ቆሎው የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ሥዕል ነበረ። የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው ከመርከቡ ጫፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጨለማ አፉን ከፍቷል። ታሪኩ እዚያ ላይ ተቀዷል፤ ቀሪው ገጽ የሌላ ሰው ቆሎ ሆኗል። መዝገብ ክፍል ያረጀ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰነድ ይዞ እንቅልፍ አይወስደውም። በነጋታው ሄደው ቆሎ ገዙ። በሦስተኛውም ቀን ገዙ። ገብሱን ሳይሆን መጠቅለያውን እያማረጡ ቆሎ የገዙ ሴት በአገሪቱ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የዚያ ሰሞን ገብስ የተወደደው በሳቸው ነው የሚሉም አሉ።

ሥዕሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚወጣ «ሰባተኛው ምህዋር» ከሚባል መጽሔት የተቀደደ ነበር። ይህን ሲደርሱበት ቆሎውን ተዉና መጽሔቱን መግዛት ጀመሩ። ዋናው ሰው ሻምበል ዘርዓብሩክ ይባላል። «ጭልፊት» በምትባል መርከብ ከኮከብ ኮከብ ሲንከራተት ኖሮ፣ ዓምና በሚያዝያ መጨረሻ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት የሰማይ ጉድጓድ ነው። ደራሲው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነው መሰለኝ፣ ሻምበሉ ሃምሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲወድቅ ከረመ። ሰንጋ ተራ አንድ ፎቅ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ቆሞ፣ መስታወት ለብሶ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ሻምበሉ ገና እየወደቀ ነበር።

የመጽሔቱ ወዳጆች ቅዳሜ ከሰዓት በብሎኩ ሥር ካለችው ካፌ እንሰበሰባለን። የጉባኤው ሊቅ በዕውቀቱ ነው። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሲያስረዳ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። የሚገታው ሰው ቢኖር ኡሙልኸይር ናት። ጌጃ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ የወይዘሮ ተናኘወርቅ የድሮ ጎረቤትና ሚስጥረኛ ናት። መጽሔቱን የምታነበው ለማማት ይመስላል። የሻምበሉን ዩኒፎርም ስፌት ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ታማዋለች። በዚያ ጠባብ ሱሪ ኮከብ ላይ መውጣት ቀርቶ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ትላለች።

ዓምና ሻምበሉ በወደቀ በሳምንቱ የግንቦት ልደታ ነበረች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከሕዝቡ መሀል ቆሙ። ግራና ቀኛቸው ሰው ይሳላል። አንዷ ልጅ ትለምናለች፣ አንዱ ፍርድ ቤት የከረመ የቤት ክርክሩ እንዲያልቅለት ይማፀናል። እሳቸውንም አፋቸው ቀደማቸው። ያንን ሰው ከጉድጓዱ አውጥተሽ በሰላም ለቤቱ ካበቃሽልኝ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጥላ አገባለሁ አሉ። ካሉ በኋላ ደነገጡ። ግን ስለት ማመልከቻ አይደለም፤ ተሳስቻለሁና ይመለስልኝ አይባልም።

ይህን ካፌ መጥተው ሲናገሩ ማንም አልሳቀም፤ በዕውቀቱን ብቻ ድንገት ሳል ያዘው። ኡሙልኸይር ግን በነጋታው ሱቋ ወስዳ ቀይ ከፋይ አስመረጠቻቸው። የስለት ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ እንደማይመለስ፣ ይህም በእሷም በኩል ያለ ሕግ እንደሆነ አስጠነቀቀቻቸው። ጥላው ተሠርቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ሻምበሉን ሲጠብቅ ኖረ።

ዘንድሮ ልደታ ዓርብ ልትውል፣ በፊቱ ባለው ቅዳሜ፣ ሻምበሉ ከወደቀ ወዲህ ሃምሳ ሁለተኛው እትም ወጣ። ሻምበሉም ወጣ። ክፋቱ ሁለት ሆኖ ወጣ።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ጉድጓዱ ሁለት ሰው ይተፋል። ሁለቱም ሻምበል ዘርዓብሩክ ናቸው። የሁለቱም ግራ ቅንድብ ላይ ያው ጠባሳ አለ፤ የሁለቱም ሱሪ ያው ጠባብ ነው። አንደኛው መርከቧ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው እጁን ሲዘረጋ ጉድጓዱ መልሶ ይስበዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የወጣው ሻምበል ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱ ፊት ተቀምጦ ሽሮ ይበላል። ከላዩ ላይ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ የዚያኛው እጅ ብቻ ከጨለማው ወጥቶ ይታያል። ከዚያ «ይቀጥላል» ይላል። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ደራሲው አንድ ፊደል አልተነፈሰም።

የዚያን ቀን ካፌዋ የተቀበለችው ግራ መጋባት ለሦስት ክፍለ ከተማ ይበቃ ነበር። አንዱ በማጉያ መነጽር ጠባሳ ይለካል። አንዱ የወጣው ሻምበል ፊቱ አረንጓዴ ስለሆነ ሐሰተኛው እሱ ነው ይላል፤ ኋላ ግን በዚያ እትም የሁሉም ሰው ፊት፣ ሽሮውም ጭምር፣ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሌላ ሰው ሁለቱም ሐሰተኞች ናቸው ብሎ ሊስትሮ ጠርቶ ከክርክሩ ወጣ።

በዕውቀቱ ላስረዳ ብሎ ሁለት ቦምቦሊኖ አዘዘ። ከአንድ ሊጥ፣ ከአንድ ዘይት የወጡ መሆናቸውን በዝርዝር ተናገረ። ጉድጓዱ ሰውን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ይገለብጣል፤ ስለዚህ የትኛው ዋና፣ የትኛው ግልባጭ ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም አለ። ይህን ሲናገር ሳለ ኡሙልኸይር አንደኛውን ቦምቦሊኖ አንስታ በላችው።

«እሺ መምህር» አለችው አፏን እየጠረገች፣ «አሁን የቀረው የትኛው ነው?»

በዕውቀቱ መልስ ፍለጋ ሁለተኛውን ሲበላው ጉዳዩ ጭራሽ ማስረጃ አልባ ሆኖ ቀረ።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በዚህ ሁሉ መሀል መጽሔቱ ጀርባ ላይ ወዳለው የዝግጅት ክፍል ስልክ ይደውሉ ነበር። እስከ ረቡዕ ድረስ ደወሉ፤ አንድ መቶ ጊዜ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እኔ ዘጠና ብዬ ልተወው። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቶ፣ የሻምበሉ ጉዳይ ነው ሲሉ ሰውየው እዚህ ጋራዥ ነው፣ መኪናው ሐሙስ ያልቃል ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ ከሰዓት ሦስታችን ይዘናቸው ተቀመጥን። ነገሩ ለኛ ቀላል ነበር። በዕውቀቱ፣ ወደ ቤቱ የገባ ሻምበል ስላለ ስለቱ ሠምሯል፤ ጥላው ይግባና እንገላገል አለ። ኡሙልኸይርም በዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማችለት፤ ስለት አስቀርቶ ከሚመጣ ጣጣ ይልቅ ሁለት ሻምበል ይሻላል አለች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥላውን ካገባሁ እኮ ሰውየው ወጥቷል ማለቴ ነው» አሉ። «ወጥቷል ካልኩ ደግሞ፣ ያኛውን ማን ይለምንለታል?»

«እትዬ ተናኘ፣ ያኛው ግልባጭ ሊሆን ይችላል እኮ» አለ በዕውቀቱ።

«ቢሆንስ? ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።»

ከዚያ ስኒያቸውን ገፋ አድርገው፣ እኛ ሰምተነው የማናውቀውን ነገሩን። ታላቅ ወንድም ነበራቸው፤ ዓባይነህ ይባላል። እኔ ቀብሩ ላይ እንኳ ቆሜያለሁ፤ ይህን ታሪኩን ግን አላውቅም ነበር። በሰባዎቹ መጨረሻ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ። ያኔም ለዚችው ልደታ ተሳሉ፤ በሰላም ከተመለሰ መጋረጃ አገባለሁ አሉ። በሦስተኛው ዓመት ተመለሰ። እጁም እግሩም ሙሉ፣ ጭረት የሌለበት። ሰፈሩ እልል አለ። እሳቸውም ሳምንት ሳይሞላ መጋረጃውን አገቡ።

«ሲሄድ ‹ቁንጫ› ነበር የሚለኝ» አሉ። «አባታችን ቁጡ ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ ‹ተዋት› እያለው፣ ‹ቁንጫ› ከማለት አይመለስም ነበር። ሲመለስ ‹ተናኘወርቅ› አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ለአሥራ አንድ ዓመት፣ እስኪሞት ድረስ፣ ስማቸውን አስተካክሎ እንደጠራቸው ኖረ። በር ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። የሰጡትን ይበላል። ጠባሳው ቦታው ላይ ነው፣ ድምፁ ድምፁ ነው። ወንድምሽ አይደለም ቢባሉ የሚያቀርቡት ማስረጃ አንድ ቃል ብቻ ነበር። በሰው ፊት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፤ እግዜር የመለሰልሽን ሰው ትመርጫለሽ ወይ ይባላል።

«መጋረጃውን አገባሁና ጸሎቴን አቆምኩ። ለመጣው አመሰገንኩ። የቀረው እዚያው ቀረ» አሉ።

ኡሙልኸይር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«መጋረጃውን ባታገቢ ኖሮ ያኛው ይመጣ ነበር ብለሽ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ኡሙዬ።»

በዚሁ ተለያየን። ጥላውን ያገቡታል የሚለውም አያገቡትም የሚለውም እኩል ነበር፤ እኔ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ዓርብ ጠዋት በዕውቀቱ ጥላውን ተሸክሞ ከብሎኩ ሲወጣ አየነው። እሳቸው ነጭ ለብሰው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እኔና ኡሙልኸይርም ተከተልናቸው። ኡሙልኸይር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሸኝታን፣ የጥላውን ዘርፍ ለመጨረሻ ጊዜ በእጇ አስተካክላ እዚያው ግንቡ ሥር ቆመች።

የስለት መቀበያው ጋ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ መነጽር ያደረገ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይመዘግባል፤ የተቀበለውን ሁሉ በማይክራፎን ያውጃል። ጥላውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ምን ተደርጎልዎት ነው አላቸው።

«አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ወጥቶ ቤቱ ገብቷል» አሉት። ውሸት የለበትም።

ወጣቱ ማይክራፎኑን ይዞ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ያለ እህል ውኃ የኖረ ወንድማችን በሕይወት መውጣቱን ለሕዝቡ አበሠረ። እህል ውኃውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እልልታው የልደታን ቆርቆሮ ሁሉ አነሳው። አንዲት እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅን አቅፈው አለቀሱ፤ የሰንጋ ተራው የፎቅ ጉድጓድ ነው አይደል፣ እኔም ሰምቻለሁ አሏቸው። አንድ ሰውዬ የወጣበትን ሰዓት በትክክል አውቃለሁ፣ እኔው ነበርኩ ገመዱን የሳብኩት አለ። ዞር ስል በዕውቀቱ፣ የፊዚክሱ መምህር፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ከሴቶቹ እኩል እልል ይላል።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን ከጠረጴዛው አልተነሱም። የጸሎት ስም ማስመዝገብ እፈልጋለሁ አሉት።

«ለወጣው ነው፣ እናቴ?»

«ላልወጣው።»

ወጣቱ መነጽሩን አስተካከለ። ሌላም ሰው ነበረ እንዴ አለ። ነበረ አሉት። የክርስትና ስሙን ጠየቃቸው። «ወልደ ሰንበት» አሉ።

በዕውቀቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሻምበሉ የክርስትና ስም አለው እንዴ፣ በስንተኛው እትም ነው ያለፈኝ አለኝ። እትም አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ዓባይነህ ሲቀበር በዚያ ስም ሲጠራ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ ከመሀላችን።

መዝገቡ መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ በግራ የሕያዋን ስም፣ በቀኝ ያረፉት። ወጣቱ ብዕሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ወሰደው።

«በሕይወት አሉ ወይስ አርፈዋል?»

«እሱን ነው እኮ የማላውቀው፣ ልጄ» አሉት። «አንደኛውን ቀብሬዋለሁ።»

ከኋላችን ሰልፉ ማጉረምረም ጀምሯል። ወጣቱ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔም በዕውቀቱን አየሁት። ወጣቱ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ስሙን መስመሩ ላይ ጻፈው፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ሆነ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንገታቸውን አስግገው አነበቡት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ አረጋግጠው ነጠላቸውን ሰበሰቡና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቁ።